ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ከዋንዛና ከላፕቶፕ ባትሪ፦ ምን ይቅር፣ ምን ይያዝ

ጅማ ላይ በቡና ለቀማ፣ በሱቅ ደጃፍ፣ በአናጢ ቤት የሚዘፍኑት ትንንሽ ባለ ሚሞሪ ማጫወቻዎች ብልሽታቸው ይመሳሰላል። የአንዱ ባትሪ ቀትር ሳይሆን ያልቃል፤ ሌላው ድምፁ ከፍ ሲል ይንጣጣል፤ ሌላው ደግሞ ክረምት በገባ በወሩ ማንም ሳይነካው ዘፈን ይዘላል። ምክንያቱ የዕቃው መርከስ ብቻ አይደለም። መዳፍ በምታህል ሳጥን ውስጥ ስክሪን፣ ሬዲዮ፣ ብሉቱዝ፣ ሁለት ስፒከርና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለማስገባት ሲባል ቦታውም ገንዘቡም የተቀነሰው ከባትሪውና ከሳጥኑ ላይ ነው።

እዚህ የሚታየው አሠራር ምርጫውን ይገለብጠዋል። ስክሪን የለም፣ ብሉቱዝ የለም፣ ስፒከሩም አንድ ነው። በምትኩ ባትሪው ትልቅ፣ ሳጥኑ አየር የማያስወጣ፣ ቁልፉ የቡና ፍሬ ባጣበቀው ጣት እንኳ የሚጫን ይሆናል። ክብደቱ በግምት 300 ግራም ነው፤ ኪስ ባይገባም ቅርጫት ላይ ይንጠለጠላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ ዲኤፍፕሌየር ሚኒ ቦርድ (ከሚሞሪ ካርድ ዘፈን አንብቦ ስፒከር የሚነዳ)፤ አንድ ቲፒ4056 የቻርጅ ቦርድ፤ አንድ 18650 የሚባል የላፕቶፕ ባትሪ ሴል ከነማቀፊያው፤ አንድ ባለ 2 ኢንች፣ 4 ኦም፣ 3 ዋት ስፒከር፤ አንድ 1,000 ማይክሮፋራድ፣ 10 ቮልት ካፓሲተር፤ ሁለት ጫን ለቀቅ የሚደረጉ ቁልፎች፤ አንድ ቢያንስ 1 አምፔር የሚችል ማብሪያ ማጥፊያ፤ አንድ ማይክሮ ሚሞሪ ካርድ፣ 16 ወይም 32 ጊጋባይት። ለሳጥኑ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ፣ ለጀርባው 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ 8 ትንንሽ ቪት፣ ቫርኒሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ። መሣሪያ ከተባለ መበየጃ ብረት፣ የብየዳ እርሳስ፣ መልቲሜትርና መብሻ ይበቃሉ።

ቲፒ4056 ሲገዛ ባለ መከላከያው መሆኑ ይታይ። ባለ መከላከያው በባትሪው በኩል አራት መበየጃ ነጥብ አለው፦ ሁለቱ ለባትሪ፣ ሁለቱ “አውት” የሚባሉት ለመውጫ። ሁለት ብቻ ያለው መከላከያ የለውም፤ ባትሪው እስኪሞት ድረስ ሲጠባ ዝም ብሎ ያያል።

ስፒከሩን፣ ቁልፎቹንና ማብሪያ ማጥፊያውን ከተበላሹ ማጫወቻዎች ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ሞባይልና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ጠይቁ። ስፒከሩን ስትመርጡ የተጻፈውን ዋት እርሱትና አንዱን ከሌላው ጋር በአንድ ዘፈን፣ በአንድ የድምፅ መጠን አወዳድሩ። በአንድ ዋት 84 ዴሲቤል በሚሰጥ ስፒከርና 88 በሚሰጥ መካከል ያለው ልዩነት 4 ዴሲቤል ነው፤ ይህ ማለት የመጀመሪያው ከሁለተኛው እኩል እንዲሰማ 2.5 እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መካከል ዕድሜ ለባትሪ የሚጨምር በጣም ርካሹ ውሳኔ ይኸ ነው።

ባትሪው

ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣው 18650 ሴል 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው፤ ይመዝናል ወደ 45 ግራም። ደህናው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ላዩ ላይ 9,900 ተብሎ የተጻፈበት ካጋጠማችሁ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ቅመም መመዘኛ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፣ ብዙውን ጊዜ ቀላል ሆኖ ይገኛል።

የወጣ ሴል እንዲሁ አይገጠምም። መጀመሪያ በመልቲሜትር ለኩት፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከሆነ ይጣል። ቻርጅ አድርጋችሁ ማንሰራራቱ አያታልላችሁ፤ ውስጡ ተጎድቷል። ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 4.2 ቮልት ሙሉት። ሲሞላ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከሞቀ አሁንም ይጣል። ሞልቶ አንድ ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ ከ4.1 ቮልት በታች ከወረደ ራሱን በራሱ እየጨረሰ ነው። በመጨረሻ 4 ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አገናኙበት፤ ወደ 1 አምፔር ይወጣል። ቮልቱ ከ0.2 በላይ ከወደቀ ሴሉ አርጅቷል፣ ባስ ሲመታ ቦርዱን ያጠፋዋል።

ላስቲኩ የተቀደደ ሴል አደገኛ ነው። የሴሉ ቆርቆሮ በሙሉ ኔጌቲቭ ሲሆን እስከ ፖዘቲቩ ጫፍ ዙሪያ ድረስ ይደርሳል፤ አንድ የሽቦ ቁራጭ ሁለቱን ካገናኘ ሾርት ይሆንና ይግላል። አዲስ ላስቲክ ሳታለብሱ አትግጠሙ። ሴሉ ላይ በቀጥታ መበየድም አይገባም፤ ሙቀቱ የውስጡን መለያ ይጎዳል። ማቀፊያው የተፈለገው ለዚህ ነው። የሚጣለውን ሴል ሁለቱንም ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑ፤ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር ወይም አዌቱ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ።

ስንት ሰዓት ይሠራል ለሚለው፣ መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ በፖዘቲቩ መስመር መሀል አስገቡና ለእናንተ በሚስማማ ድምፅ ሙሉ ዘፈን አጫውቱ። አማካዩ 150 ሚሊአምፔር ነው እንበል። ከ2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ውስጥ 85 በመቶውን ብቻ ብትቆጥሩ 2,125 ይሆናል፤ ለ150 ሲካፈል 14 ሰዓት። በቀጭኑ የኖኪያ ቢኤል-5ሲ ባትሪ፣ 1,020 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ያው ስሌት ከ6 ሰዓት በታች ይሰጣል። ኪስ የሚገባ ካስፈለጋችሁ ቢኤል-5ሲውን ያዙ፣ ግን ከማለዳ ለቀማ እስከ ማታ አይደርስም።

ባትሪ የሚቆጥበው ሥራ የሌለውን ክፍል ማስተኛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው አይፖድ የሚሽከረከር 5 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ 10 ሰዓት ያጫውት የነበረው 32 ሜጋባይት ጊዜያዊ ሚሞሪ ስለነበረው ነው፤ ዲስኩ ጥቂት ዘፈን አንብቦ ይተኛል፣ ዘፈኑ ከሚሞሪው ይጫወታል። በእኛ ዕቃ የሚሽከረከር የለም፤ ግን ዲኤፍፕሌየር ዘፈን ባይጫወትም ወደ 20 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ማብሪያ ማጥፊያ የሌለው ማጫወቻ 2,500 የያዘውን ባትሪ በ5 ቀን ውስጥ ዝም ብሎ ይጨርሰዋል። ማጥፊያው መስመሩን የሚቆርጥ እውነተኛ ማጥፊያ ይሁን።

ቮልት ማሳደጊያ ይግባ ወይስ ይቅር?

ብዙ ሰው 3.7ቱን ቮልት ወደ 5 የሚያሳድግ ትንሽ ቦርድ ይጨምራል። ይቅር የምንለው በስሌት ነው። ባለ 4 ኦም ስፒከር በ5 ቮልት ቢበዛ ወደ 3.1 ዋት፣ በ3.7 ቮልት ወደ 1.7 ዋት ያገኛል። ግማሽ የቀረ ይመስላል፤ በጆሮ ግን ልዩነቱ 2.6 ዴሲቤል ነው፣ አዳምጦ መለየት እስኪያስቸግር ትንሽ። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበትና። ለዚህች ልዩነት የሚከፈለው ሲታይ ደግሞ፣ በሙሉ ድምፅ ከባትሪው የሚወጣው ከ0.6 አምፔር ወደ 1.2 አምፔር ይዘላል። በዚያ ላይ ማሳደጊያው ራሱ ይሞቃል፣ ቀጭን ጩኸትም ድምፁ ውስጥ ይጨምራል። ዲኤፍፕሌየር ከ3.2 እስከ 5 ቮልት ስለሚሠራ በቀጥታ ከባትሪው ይኑር።

አበያየድ

ሴሉን ከማቀፊያው አውጥታችሁ ጀምሩ። የማቀፊያውን ቀይ ሽቦ ከቲፒ4056 “ቢ ፕላስ”፣ ጥቁሩን ከ“ቢ ማይነስ” በይዱ። አቅጣጫው ከተገለበጠ ቦርዱ ሴሉ በገባበት ቅጽበት ይቃጠላል፤ ስለዚህ በማቀፊያው ውስጥ የፖዘቲቩን ጎን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት።

ከ“አውት ፕላስ” የሚወጣው ሽቦ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ከዚያ ወደ ዲኤፍፕሌየሩ “ቪሲሲ” (የኃይል መግቢያው) ይሄዳል። “አውት ማይነስ” በቀጥታ ወደ “ጂኤንዲ” (መሬት የሚባለው የኔጌቲቭ ነጥብ)። ማጥፊያው በዚህ ቦታ ሲሆን ማጫወቻው ጠፍቶም ቻርጅ ይሆናል። የሽቦው ርዝመት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ቀጭን የኢርፎን ሽቦ ለኃይል መስመር አይሆንም።

ካፓሲተሩን በ“ቪሲሲ” እና በ“ጂኤንዲ” መካከል፣ ከቦርዱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ በይዱት፤ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ወደ “ጂኤንዲ”። ከበሮ ሲመታ ስፒከሩ በቅጽበት የሚጠይቀውን ኃይል የሚያቀብለው እርሱ ነው። እሱ ከሌለ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ በየባሱ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቦርዱ ይጠፋና ይነሳል።

ስፒከሩ “ኤስፒኬ1” እና “ኤስፒኬ2” ላይ ይገባል። ከሁለቱ አንዱም ከ“ጂኤንዲ” ጋር እንዳይነካካ። ቦርዱ ላይ ያለው አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ስፒከሩን ከሁለቱም ወገን ስለሚነዳ አንዱን ወደ መሬት ማገናኘት መውጫውን ሾርት ማድረግ ነው። የኢርፎን መሰኪያም ከእነዚህ ሁለት ነጥቦች መቅዳት ክልክል ነው። ኢርፎን ከፈለጋችሁ ከ“ዳክ አር” እና ከ“ዳክ ኤል” በየመስመሩ አንድ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገብታችሁ ውሰዱ፤ ከ32 ኦም ኢርፎን ጋር ባሱን እስከ 23 ኸርዝ አካባቢ ያሳልፋል። በ100 ማይክሮፋራድ ከ50 ኸርዝ በታች ያለው ይደክማል።

አንዱን ቁልፍ በ“አይኦ1” እና በ“ጂኤንዲ”፣ ሌላውን በ“አይኦ2” እና በ“ጂኤንዲ” መካከል አድርጉ። “አይኦ1” ነካ ሲደረግ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ተጭኖ ሲቆይ ድምፅ ይቀንሳል፤ “አይኦ2” ነካ ሲደረግ ወደ ፊት ያሳልፋል፣ ሲቆይ ድምፅ ይጨምራል። ሁለት ቁልፍ ለአራት ሥራ፤ በጨለማም በጣት ይለያል። ዕዳ አለው፦ ያስቀመጣችሁትን የድምፅ መጠን አያስታውስም፣ ሲበራ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛው ላይ ይነሳል። ኢርፎን ጆሮ ውስጥ የሚገባው ድምፁ ከተቀነሰ በኋላ ይሁን።

ሳጥን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ ቻርጅ አጫውቱት። ከታሸገ በኋላ ስሕተት መፈለግ ሦስት እጥፍ ድካም ነው።

ቻርጁ ምን ያህል ይፍጠን?

ቲፒ4056 እንደመጣ በ1 አምፔር ይሞላል፤ ባዶው 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ሴል ከ3 ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጅበታል። መብራት መጥቶ ቶሎ በሚሄድበት ሰፈር ይህ ፍጥነት ጥቅም ነው። ግን ቦርዱ የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጣል፦ ከ5 ቮልት ወደ 3.7 በ1 አምፔር 1.3 ዋት ሙቀት በተዘጋ የእንጨት ሳጥን ውስጥ። ስለዚህ ቦርዱን ከሴሉ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አርቁት። ቦርዱ ላይ “122” የተጻፈበትን ሬዚስተር በ“202” ብትለውጡ ፍጥነቱ ወደ 580 ሚሊአምፔር፣ ሙቀቱም ወደ 0.75 ዋት ይወርዳል። ለቢኤል-5ሲ ይህ ለውጥ ግዴታ ነው፤ 1 አምፔር ለዚያ ባትሪ ይበዛበታል።

እየዘፈነ ቻርጅ ማድረግን ልማድ አታድርጉት። ቦርዱ “ሞላ” የሚለው የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሲቀንስ ነው፤ ስፒከሩ እየወሰደ ሳለ አይቀንስምና ሴሉ 4.2 ቮልት ላይ ተወጥሮ ይቆያል። ሌላም አለ፤ ባለ ታይፕ-ሲ ቦርድ ሆኖ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ-ሲ በሆነ ገመድ አልሞላ ካለ ቦርዱ አልሞተም። ርካሾቹ ላይ የሚያስፈልጉት ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ሳይገቡ ይቀራሉ። በአንድ ጫፉ አሮጌው ሰፊ መሰኪያ ባለው ገመድ ሞክሩ።

ሳጥኑ

ስፒከር ያለ ሳጥን ባዶውን ሲጮህ ቀጭን የሚሆነው ከጀርባው የሚወጣው አየር ከፊቱ የሚወጣውን ስለሚያጠፋው ነው። ሳጥኑ ሁለቱን ይለያል። ዋንዛ ጅማ ላይ በርጩማና ወንበር የሚሠራበት፣ ቀላልና ለመሥራት የሚታዘዝ እንጨት ነው፤ ከስስ ፕላስቲክ ይልቅ ራሱ አይንጣጣም። የውስጡን ስፋት 11 በ8 በ5 ሳንቲ ሜትር አድርጉት፤ 440 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚህ ባነሰ ቁጥር የታሰረው አየር እንደ ስፕሪንግ ስለሚጠነክር ባሱ ይሸሻል። በጣም ቢበዛም ስፒከሩ ትንሽ ነውና ባስ አይወልድም፣ ክብደት ብቻ ይጨምራል።

ለስፒከሩ የሚበሳው ቀዳዳ ወረቀቱ የሚንቀሳቀስበትን ስፋት ያህል ይሁን፤ የብረቱ ዙሪያ እንጨቱ ላይ ይረፍ። በመካከላቸው ከካላማዳሪያ የተቆረጠ ቀለበት አስገቡ። አራቱ ጎኖችና ፊቱ በኮላ ይያያዙና 24 ሰዓት ታስረው ይደሩ። ጀርባው ግን በኮላ አይዘጋም፤ ባትሪ የሚለወጠው በዚያ ነው። በ8 ቪት፣ ከሥሩ የካላማዳሪያ ቅድ ተነጥፎ ይጠበቅ። የቁልፍ፣ የሚሞሪና የቻርጅ ቀዳዳዎች በሙሉ ከውስጥ በሙጫ ይዘጉ፤ ሽቦ የሚያሾልክ ትንሽ ክፍተት እንኳ ባስ ሲመታ ያፏጫል።

መታሸጉን ለማወቅ የስፒከሩን ወረቀት በሁለት ጣት፣ ከመሀል ሳይሆን ከዙሪያው፣ ቀስ ብላችሁ ግፉና ልቀቁ። ተጎትቶ በዝግታ ከተመለሰ ሳጥኑ ይዟል። ወዲያው ተፈናጥሮ ከተመለሰ አየር የሚያስወጣ ቦታ አለ፤ ጀርባውን ከከንፈር አስጠግታችሁ ስትገፉት ነፋሱ ይሰማል። ውስጡን በትንሹ መሙላት ድምፁን ያለሰልሰዋል፤ ግን ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ከአሮጌ ትራስ የወጣ ሰው ሠራሽ መሙያ ይሻላል፣ ከሳጥኑ ግማሽ ሳይበልጥ።

ሁለት ስፒከር ለምን አልተደረገም? በ12 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ላይ ግራና ቀኝ ከአንድ ሜትር በኋላ ለጆሮ አይለይም፤ ያንን ቦታ ለአንድ ደህና ስፒከርና ለአየሩ መስጠት ይሻላል።

እርጥበት

የጅማ ዝናብ ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን ይዘልቃል፤ ሳጥኑ ዓመቱን አብዛኛውን እርጥብ አየር ውስጥ ነው። እንጨቱን ከውጭም ከውስጥም ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡ፣ በየመሀሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የተቆረጠው ጫፍ ውኃ እንደ ገለባ ስለሚስብ እሱ አራተኛ ቅብ ይገባዋል። ውጪው ብቻ ከተቀባ አንዱ ወገን እያበጠ ጣውላው ይቆለመማል።

ቦርዶቹን ከብየዳ በኋላ በ96 በመቶ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ እጠቡ። ከእርሳሱ ጋር የሚቀረው ቡናማ ሙጫ እርጥበት ሲያገኝ ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ቁልፍ ሳይነካ ዘፈን የሚዘለውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ሲደርቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። የሚሞሪው ቦታ፣ የቻርጅ መሰኪያውና የቁልፎቹ መገናኛ ግን እንዳይነካ፤ ከገባበት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የማቀፊያው ስፕሪንግ ቢዝግ በብርጭቆ ወረቀት አጥሩት።

ዘፈኑን መጫን

ካርዱ ከ32 ጊጋባይት አይብለጥ፣ “ፋት32” ሆኖ ፎርማት ይደረግ። ባለ 64ቱ ካርድ ሲገዛ በሌላ አሠራር ስለሚመጣ ቦርዱ አያነበውም። አዲስ ካርድ ከታመነ ሻጭም ቢሆን አንዴ አፍ እስከ ገደፉ ሙሉትና መልሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ቅዱት፤ 32 ተብሎ 4 ብቻ የሆነው በዚህ ይያዛል።

በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሆነ ዘፈን በደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት፣ 320 ኪሎቢት ወደ 2.4 ሜጋባይት ይወስዳል። ለባለ 2 ኢንች ስፒከር 192 ይበቃል፤ በ128 ዋሽንትና ጽናጽል ውኃ ውኃ ማለት ይጀምራሉ። 64 የነበረውን ወደ 320 መለወጥ ግን የጠፋውን አይመልስም፣ ካርዱን ብቻ ይሞላል። ከተለያየ ቦታ የተለቀሙ ዘፈኖች አንዱ ጮሆ አንዱ ስለሚያንሾካሹክ ኤምፒ3ጌይን በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም 89 ዴሲቤል ላይ እኩል አድርጓቸው፤ በተለይ ድምፅ መጠን ለማያስታውስ ማጫወቻ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

በቁልፍ ብቻ ሲሠራ ቦርዱ የሚከተለው የፊደል ተራን ሳይሆን ካርዱ ላይ የተገለበጡበትን ቅደም ተከተል ነው። ተራው ከተሳሳተ ስም መለወጥ አይረዳም፤ ካርዱን ፎርማት አድርጋችሁ ዘፈኖቹን በምትፈልጉት ተራ አንድ በአንድ ገልብጡ።

ሲያስቸግር

ባስ ሲመታ ከመጀመሪያው ዘፈን የሚጀምር ከሆነ መጀመሪያ የካፓሲተሩን ብየዳ፣ ቀጥሎ የማቀፊያውን ስፕሪንግ፣ በመጨረሻ ሴሉን እዩ፤ እየዘፈነ ሳለ ቦርዱ ላይ ቮልቱን ለኩና ሴሉ ላይ ካለው ከ0.1 በላይ ካነሰ ጥፋቱ በመካከል ባለው ሽቦ ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለና ሴሉ ከ3.3 ቮልት በላይ ከሆነ ካርዱን አውጥታችሁ በአልኮል ጥረጉት፤ ስፒከሩንም በመልቲሜትር ለኩት፣ ወደ 4 ኦም ካላሳየ ተበጥሷል። አዲስ ሴል ገብቶ ምንም ካልሠራ የቲፒ4056 መከላከያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር ለጥቂት ሰከንድ ሰክታችሁ ንቀሉ፣ ይከፈታል።

ትርትር የሚለው ድምፅ በዝቅተኛ ድምፅም ከተሰማ ወረቀቱ ተቀድዷል ወይም የብረት ብናኝ ማግኔቱ ውስጥ ገብቷል፤ በከፍተኛ ድምፅ ብቻ ከሆነ የላላ ቪት ወይም ሳጥኑን የምትነካ ሽቦ ፈልጉ። በየጥቂት ወሩ ጀርባውን ከፍታችሁ ሴሉን እዩት፤ ላስቲኩ ከተጨማደደ ወይም ጫፉ አካባቢ እርጥብ ነገር ከታየ ሳትሞሉት አውጡት። ቪቶቹን መልሳችሁ ስታጠብቁ አንዱን ጥግ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በተቃራኒ ጥግ እያፈራረቃችሁ ብታጠብቁ ካላማዳሪያው እኩል ይረግጣል።